አሞሌን ፍለጋ በኤድንብራ

ኤድንብራ ሲደርሱ ዝናብ ቢቀበልዎት አይደንግጡ። የሐምሌን አዲስ አበባ የሚያውቅ ሰው ለስኮትላንድ ዝናብ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ የእነርሱ ዝናብ ከላይ ሳይሆን ከጎን መምጣቱ ነው። ጃንጥላ ይዘው ቢወጡ ነፋሱ ገልብጦ ያሳፍርዎታልና ቆብ ያለው ጃኬት ይሻላል። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ የተነሣው ባቡር አራት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዞ ዌቨርሊ በተባለው ጣቢያ ያወርድዎታል። ጣቢያው ጉድጓድ ውስጥ የተሠራ ይመስላል። ከዚያ ወጥተው አሮጌውን ከተማ ለማየት ዳገት መውጣት ግድ ነው፤ እንጦጦን ለለመደ እግር ግን ይህ ነው የሚባል አይደለም።

አብዛኛው ጎብኚ ከጣቢያው ወጥቶ በዓለቱ ጫፍ ወደተሠራው ግንብ ይሄዳል። እኔና የ14 ዓመት ልጄ ግን የሄድነው ለጨው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ኢኮኖሚክስ አስተማሪ ነበር። ስለ ገንዘብ አጀማመር በሚያስተምርበት ቀን ከማድ ቤት አንድ እፍኝ ጨው በወረቀት ጠቅልሎ ይወጣል፤ እናቴም «ዛሬ ደግሞ አሞሌ ነው» ትላለች። ክፍል ገብቶ ጨዉን ጠረጴዛው ላይ ያፈስና፣ የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የእኛን አገር ጨው እንደጠቀሰ ይነግራቸዋል። ተማሪዎቹ አያምኑም። ያኔ የወረቀት ልባድ ያለውን የቆየ መጽሐፉን ከቦርሳው ያወጣል።

እውነቱን ነው። «የአገሮች ሀብት» በሚባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስሚዝ ሰዎች ከወርቅና ከብር በፊት በምን ይገበያዩ እንደነበር ይዘረዝራል። ከዝርዝሩ ውስጥ በአቢሲኒያ ጨው፣ በሕንድ የባሕር ዳርቻ ዛጎል፣ በኒውፋውንድላንድ የደረቀ ዓሣ፣ በቨርጂኒያ ትምባሆ ይገኛሉ። በአሞሌው ላይ «ይባላል» የምትል የጥንቃቄ ቃል አክሎበታል፤ አገራችንን አላያትምና አልፈርድበትም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የዚያው አንቀጽ መጨረሻ ነው። በዚያው በገዛ አገሩ በስኮትላንድ አንዲት መንደር ውስጥ ሠራተኞች በገንዘብ ፋንታ ሚስማር ይዘው ዳቦ ቤትና መጠጥ ቤት ይሄዳሉ እንዳሉት ይጽፋል። የእኛ ጨውና የእነርሱ ሚስማር በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። አባቴ ይህን ሲያነብ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር ይላሉ ተማሪዎቹ የነበሩ ሰዎች። ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው የሚወጣው፣ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው የሚጨምረው አሞሌ ምን ያህል ብልህ ገንዘብ እንደነበረ ለማስረዳት አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃውም።

እንግዲህ ይህን ይዘው ሮያል ማይል የሚባለውን ረጅም መንገድ ይውረዱ። በድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ሴንት ጃይልስ ከተባለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የስሚዝ ሐውልት ቆሟል። የቆመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ቅርብ ነው። ከኋላው ማረሻ፣ ከፊቱ የንብ ቀፎ ተቀርጾለታል። ልጄ ማረሻውን አይታ «ይሄ እንኳ የእኛ አይደለም» አለች፤ የእኛ ሞፈርና ቀንበር ያለው ሌላ ነዋ።

ብዙ ሰው ስሚዝን ዕድሜውን ሙሉ መምህር የነበረ አድርጎ ያስበዋል። የመጨረሻዎቹን 12 ዓመታት ግን ያሳለፈው የጉምሩክ ኮሚሽነር ሆኖ ነው። መሥሪያ ቤቱም እዚሁ መንገድ ላይ ነበር። የንግድን ነፃነት ሲሰብክ የኖረ ሰው ቀረጥ አስከፋይ ሆነ! እሱ ራሱ ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ እንዳጫወተው፣ ሥራውን ሲጀምር ወደ አገር እንዳይገቡ የተከለከሉ ዕቃዎችን ዝርዝር ያነባል፤ ከዚያ የራሱን ልብስ ይፈትሻል። የአንገት ልብሱ፣ መሐረቡ፣ የእጅጌው ጌጥ ሳይቀር አብዛኛው የተከለከለ ሆኖ አገኘው። አርአያ ለመሆን ሲልም ሁሉንም አቃጠለው። ሻንጣው ተከፍቶ ጉምሩክ ላይ ቆሞ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ታሪክ ሲያነብ የሚሰማውን እኔ አልነግረውም።

መንገዱን ወደ ታች ሲቀጥሉ ካኖንጌት የተባለው ሰፈር ይደርሳሉ። ፓንሚዩር ሃውስ የሚባለው ቤቱ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባ ብሎ ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1778 እስከ ሞተበት እስከ 1790 የኖረው እዚህ ነው። አላገባም፤ ከእናቱና ከአክስቱ ልጅ ጋር ነበር የሚኖረው። እናቱ ስትሞት እሱ ራሱ ስድሳውን አልፎ ነበር። ከቤቱ ጥቂት እርምጃ የሚርቀው የካኖንጌት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ መቃብሩ አለ። በብረት አጥር የተከበበ፣ ቀላል መቃብር ነው።

እዚያ መቃብር ፊት ቆመን ለልጄ ሁለት ነገር ነገርኋት። የመጀመሪያው፣ ስሚዝ ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሁለት ወዳጆቹን ጠርቶ ያላለቁ የእጅ ጽሑፎቹን እንዳስቃጠላቸው ነው። አሥራ ስድስት ጥራዝ ያህል ነበር ይባላል። ሁለተኛው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ሦስት ሺህ ያህል ጥራዝ ነበረው። ስለ አለባበሱ ግድ የማይሰጠው ሰው፣ የምሽቀረቀረው በመጻሕፍቴ ብቻ ነው ይል ነበር፤ በየመጽሐፉ ልባድ ውስጥም ስሙ ብቻ የታተመባት ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። እሱ ሲሞት መጻሕፍቱ ለዘመዱ ለዴቪድ ዳግላስ፣ ከእርሱም ለሁለት ሴት ልጆቹ ደረሱ። ከዚያ ተበተኑ። አንዱ ክፍል እዚሁ ኤድንብራ ቀረ። ሌላው ቤልፋስት ሄደ። ሌላው ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1920 ኢናዞ ኒቶቤ የተባሉ ጃፓናዊ ምሁር ለንደን ውስጥ ከተሸጠው ብዙውን አግኝተው ገዙና ለቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ከሦስት ዓመት በኋላ በታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል የስሚዝ መጻሕፍት ተረፉ።

ልጄ ዝም ብላ ሰማችኝና «የአያቴስ መጻሕፍት የት ናቸው?» አለችኝ።

አባቴ ካረፈ 11 ዓመት ሆኖታል። ሰማንያው እንደወጣ፣ እናቴ ለኪራይ የምትሆን አንዲት ክፍል ያስፈልጋት ስለነበር የመጻሕፍት ክፍሉን ባዶ ማድረግ ነበረብን። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አላታለለኝም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቆራሌው በሰፈራችን ሲጮህ ጠራሁትና በኪሎ መዝኖ ወሰደው። 280 ብር ሰጠኝ። ያን ጊዜ ወረቀት ነበር የመሰለኝ፤ አቧራውም ያስነጥሰኝ ነበር። ከእነዚያ መካከል የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነበረበት። ደራሲው በወጣትነታቸው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው የመጀመሪያው እትም ነበር። በአማርኛ ስለ ኢኮኖሚ ከተጻፉት ሁሉ የሚጠቀሰው መጽሐፍ ማለት ነው፤ ነገሩ ዛሬም በአዲስ እትም ሊነበብ ይችላል፣ ያ ወረቀት ግን በሱቅ በርበሬ ተጠቅልሎበት ይሆናል።

ለልጄ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። «ሸጥኳቸው» አልኳት ብቻ። «ለማን?» አለች። ዝናቡ ሲበረታ ወደ መንገዱ ተመለስን።

አሁን ወደ መጻሕፍት ቤቶቹ ልውሰድዎት። ከግንቡ ሥር ግራስማርኬት የሚባል ሰፊ አደባባይ አለ፤ ከዚያ ዌስት ፖርት ወደሚባለው ዳገት ሲወጡ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡ ሱቆች ያገኛሉ። ውስጣቸው ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል፤ ሽታው የቆዳና የእርጥበት ነው። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ገብቶ ብራና ያሸተተ ሰው ያውቀዋል። ልጆች ይዘው ከሆነ ቦርሳቸውን በር ላይ ያስቀምጡ፤ በጀርባ የታዘለ ቦርሳ ሲዞር መደርደሪያ ሙሉ ሊያወርድ ይችላል።

አንዱ ሱቅ ገብተን ለሻጩ የስሚዝን መጽሐፍ እንደምንፈልግ ስነግረው ሽማግሌው ፈገግ አለና የትኛውን ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው የገባኝ ቆይቶ ነው። መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመው ለንደን፣ ማርች 9 ቀን 1776 እ.ኤ.አ.፣ ሰፋፊ ገጽ ባላቸው ሁለት ቅጾች ነው። ዋጋው 1 ፓውንድ ከ16 ሽልንግ ነበር፤ በስድስት ወር ውስጥ አለቀ። የዚያ እትም ደኅና ቅጂ ዛሬ በጨረታ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ያወጣል። አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛበት ገንዘብ ነው፤ እኛ ለማየትም አልጠየቅንም።

ሽማግሌው ግን ጊዜ ነበረው መሰለኝ፣ ዝናቡም ደንበኛ አላመጣለትም፤ ብዙ አስተማረን። ዓመቱን ብቻ አይተው አይታለሉ አለን። በዚያው በ1776 ደብሊን ውስጥ በሦስት አነስተኛ ቅጾች የታተመ አለ፤ ሽፋኑ ሲገለጥ ያው 1776 ይላል፣ የለንደኑ ግን አይደለም፤ ዋጋውም ይለያያል። ስሚዝ በሕይወት ሳለ ለንደን ውስጥ አምስት ጊዜ ታትሟል፤ የመጨረሻው በ1789 ነው። ሦስተኛው፣ የ1784ቱ፣ ስሚዝ ራሱ ብዙ ጨምሮበትና ማውጫ ተሠርቶለት በሦስት ቅጽ የወጣው ስለሆነ ለማንበብ የሚፈልግ ሰብሳቢ ይወደዋል። ከሞተ በኋላ በ19ኛው መቶ ዘመን የታተመው ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም፤ የእኛ ኪስ የሚደርሰውም እዚያ ነው። ኤድዊን ካናን በ1904 ያዘጋጀው ባለ ሁለት ቅጽ እትም ብዙ ምሁራን የተጠቀሙበት ነው፤ እሱን በትዕግሥት የሚፈልግ ሰው በመጠነኛ ዋጋ ሊያገኘው ይችላል።

መጽሐፍ አያያዝም አሳየን። ከመደርደሪያ ሲያወጡ የጀርባውን አናት በጣት ጎትተው አያውጡ፤ መጀመሪያ የሚገነጠለው እሱ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን መጻሕፍት ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው መሐሉን ይያዙ። በፊልም እንደምናየው ነጭ ጓንት አያስፈልግም፤ የታጠበና የደረቀ እጅ ይበልጣል፣ ጓንት ያደረገ ጣት ስስ ወረቀት አይሰማውምና ይቀድዳል። ገጾቹን አንድ በአንድ ይቁጠሩ፤ የጎደለ ገጽ ያለው መጽሐፍ ምንም ቢያምር የዋጋው ጥቂት ክፍል ነው። በገጹ ላይ የሚታየው ቡናማ ነጠብጣብ የዕድሜ ነው፣ አያስፈራም፤ የሻጋታ ሽታ ግን ያስፈራል፣ ወደ ሌሎቹ መጻሕፍትዎ ይዛመታል። የቆዳ ልባዱ አዲስ ከሆነ ደግሞ በኋላ የተጠረዘ ነውና ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። ሸክላ፣ ጥልፍ ወይም የድሮ ሳንቲም የሚሰበስብ ዘመድ ካለዎት ይህ ሁሉ ጨዋታ አዲስ አይሆንብዎትም።

ከዚያ እጄን ይዞ ወደ አንድ ጥግ ወሰደኝ። ወለሉ ላይ ካርቶን ውስጥ የተቀመጡ መጻሕፍት ነበሩ። ነጠላ ቅጾች ናቸው፤ ወንድሞቻቸው የጠፉባቸው። ከሦስቱ አንዱ፣ ከአራቱ ሁለተኛው ብቻ የቀረ። ሰብሳቢ አይፈልጋቸውም፤ ስለዚህ ርካሽ ናቸው። እዚያ ውስጥ ልጄ አገኘችው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሦስት ቅጽ ከታተሙት የአንዱ ቅጽ አንድ ነበር። የጀርባው ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ አንዱ ልባድ በክር ተንጠልጥሏል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጽ የትም ይሁኑ የት አላስጨነቀንም፤ አሞሌው ያለው ቅጽ አንድ ውስጥ ነዋ።

ልጄ ቁጭ ብላ አራተኛውን ምዕራፍ ገለጠች። አቢሲኒያ የሚለውን ቃል እኔ ሳላያት በጣቷ አገኘችው። «አባዬ፣ እዚህ አለ!» ብላ ስትጮህ ሱቅ ውስጥ የነበረ ሌላ ገዢ ዞሮ ተመለከተን። አጠገቡ በኅዳጉ ላይ የእርሳስ መስመር ተሰምሮ ነበር። መስመሩ ያለው ግን ጨው ላይ አይደለም፤ ሚስማሩ ላይ ነው። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የነበረ አንድ ስኮትላንዳዊ፣ የአገሩን መንደር ሲያገኝ ደስ ብሎት አሰመረ። ልጄ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፤ ከለከልኳት። አሁን ሳስበው ለምን እንደከለከልኳት አይገባኝም።

35 ፓውንድ ከፈልን። የሽማግሌውን ቦርሳ አልቀበልም ብዬ በሹራቤ ጠቅልዬ ያዝኩት። መጽሐፍ ከገዙ በሻንጣ እንዳይልኩት፤ በእጅ ይያዙት፣ በፕላስቲክ ሳይሆን በጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠቅልሉት።

ለመጽሐፍ ግድ የሌለው ቤተሰብ ካለዎት ከተማው አያሳፍርዎትም። የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው፣ ልጆች ግማሽ ቀን ይውሉበታል። ነሐሴ ላይ ባይሄዱ ይሻላል፤ የዓለም ሰው ለፌስቲቫል ስለሚጎርፍ የአልጋ ዋጋ ሰማይ ይነካል።

በመመለሻው ባቡር ልጄ ስለ ቶኪዮ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ስለ ዝርዝሩ የነገርኋት። ስሚዝ በሕይወት ሳለ፣ በ1781፣ የተዘጋጀ የመጻሕፍቱ ማውጫ ነበር። በኋላም ጄምስ ቦናር የተባለ ሰው በየቦታው የተበተኑትን ፈልጎ፣ የትኛው የት እንዳለ እየጠየቀ፣ በ1894 ዝርዝራቸውን አሳተመ። መጻሕፍቱን አንድ ቦታ መሰብሰብ አልተቻለም፤ ስማቸው ግን በአንድ መጽሐፍ ተሰበሰበ። ልጄም «አያቴ ዝርዝር አልነበረውም?» አለች።

ነበረው። ረስቼው ነበር። አዲስ አበባ እንደገባን እናቴ ጋ ሄድን፤ ቡና እየተቆላ መሳቢያዋን ከፍተን ፈለግን። ከልደት ካርዶች፣ ከድሮ የመብራት ደረሰኞችና ከፎቶ አልበም ሥር ሰማያዊ የሒሳብ ደብተር ወጣ። አባቴ በቀይና በጥቁር ቀለም ጽፎበታል፤ ተራ ቁጥር፣ የመጽሐፉ ስም፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋ። ከ1 እስከ 412። ቁጥር 38 «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው፤ ከመርካቶ በ6 ብር የተገዛ። ቁጥር 112 ያ ባለወረቀት ልባዱ ስሚዝ ነው። እናቴ የኤድንብራውን መጽሐፍ አገላብጣ አሽትታ «ጨው ያለበት ይሄ ነው?» አለችና አንብቡልኝ አለች። ልጄ እየተረጎመች አነበበችላት።

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባሉት የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ እንዞራለን። እርስዎም በዚያ ሲያልፉ አሮጌ የኢኮኖሚክስ ወይም የታሪክ መጽሐፍ ካነሡ፣ ወይም ቤትዎ ከዚያ የተገዛ ካለ፣ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ገጽ 17ን ይግለጡ። አባቴ እንደ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር፤ ሌባ የመጀመሪያውን ገጽ ቢቀድድ እንኳ እንዲታወቅ ብሎ ማኅተሙን ሁልጊዜ ገጽ 17 ላይ ነበር የሚያደርገው። ሐምራዊ ክብ ማኅተም ነው፤ መሐሉ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር አለበት። መጽሐፉን መልሱልኝ አልልም፤ ገዝተውታል፣ የእርስዎ ነው። ቁጥሩን ብቻ በመጽሔቱ አድራሻ ይላኩልኝ። ልጄ ደብተሩ ላይ ምልክት ታደርግበታለች። እስከ ባለፈው ቅዳሜ ድረስ ሦስት አግኝተናል፤ 9፣ 204 እና 377።